ክሊፍ ኦልድሮይድና የስታን ጥርስ

የእህቴ የሞሪን ባል ክሊፍ ኦልድሮይድ ለከተማችን ቡድን ዐሥራ አራት ዓመት ኳስ ታቅፈው እየተጋጩ የሚሮጡበትን ራግቢ ሊግ ተጫውቷል፤ ያውም ፊት መስመር ላይ፣ ግጭቱ ከሚበረታበት ቦታ። በሥራ ቀን የከሰል ጉድጓድ ይወርዳል፣ ቅዳሜ ደግሞ እየተከፈለው ይደበደባል። በዚያ ሁሉ ዘመን ነጥብ ያስቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። እሱም ራሱን ስቶ ኳሷን እንዳቀፈ ሲወድቅ፣ ለካ ነጥብ የሚያስገኘውን መስመር አልፎ ኖሯል። ሲነቃ ነገርነው፤ አላመነንም።

የፊት ጥርሶቹ ገና በጀማሪነቱ ጭቃ ውስጥ ስለቀሩ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበረው። ግማሹ ቡድንም እንደዚያው ነበር። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሁሉም ጥርሱን እያወለቀ ለትጥቅ ያዡ ለኧርኒ ይሰጣል፤ ኧርኒም በትምባሆ ጣሳ ያስቀምጥላቸዋል።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከጎረቤት አውራጃ ከላንክሻየር የመጣው ቡድን ትጥቅ ያዥ ጣሳውን ረስቶ መጣ። ኧርኒ አዘነላቸውና የእንግዶቹንም ጥርስ እዚያው የኛዎቹ ላይ ጨመረው። ከእረፍት በኋላ የተጠለዘች ኳስ መጥታ ጣሳውን ከጭኑ ላይ አነሳችው። ኧርኒ ጥርሱን ሁሉ ከጭቃ ለቅሞ ቧንቧ ስር አጠበና የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያየ በግምት አደለ።

ክሊፍ ያን ቀን ስታን ፌርክላፍ ከሚባል ግዙፍ የላንክሻየር ሰው ጋር ሲጋጭ ስለዋለ፣ የሰጡትን ጎርሶ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ምሳ ላይ እኔም ነበርኩ። ክሊፍ ሥጋ የሚበላው አድቅቆ መረቅ ውስጥ ካራሰው በኋላ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ጠርዝ ጠርዙን፣ የደረቀውን እየመረጠ ያኝካል። ሞሪን ሹካዋን አስቀመጠች።

«እስቲ ፈገግ በል» አለችው።

ፈገግ አለ።

«ይሄ የማን ጥርስ ነው?»

«የኔ ነዋ።»

«ያንተ ፍንጭት የለውም፣ ክሊፍ።»

በምላሱ ዳሰሰው፤ ትንሽ አሰበና ሥጋ እንድትጨምርለት ጠየቀ።

ሰኞ ከክለቡ ተደወለ፤ ስታን ፌርክላፍ ጥርሱን እየፈለገ ነው ተባለ። ክሊፍ የለም በሉልኝ ብሎ ጓሮ ወጣ። ሞሪን ተከትላው ሄደች። «የማታውቀውን ሰው ጥርስ ጎርሰህ እኔን አትስመኝም» አለችው። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ፤ ከስታን ጋር ቀጠሮ ተያዘ። መኪና የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ፣ ሁለቱ አውራጃዎች የሚዋሰኑበት ኮረብታ ላይ ወዳለው ሻይ ቤት ይዣቸው ወጣሁ።

ስታን ከሚስቱ ከኤዲት ጋር መጣ። ቅዳሜ የክሊፍን ቅንድብ የሰነጠቀው እሱ ነው፤ አሁን ግን ጎንበስ ብሎ ስፌቱን አየለትና ያምሃል ወይ አለው። ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አዘዙ። አስተናጋጇ ለምን ሳትል አመጣች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አወለቁ፣ አለቀለቁ፣ የየራሳቸውን አጠለቁ። ከዚያ ሻይና በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ አዘዙ። የክሊፍ ፓይ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ ኤዲት ተናገረች። ስታን በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ በወፍራም ድምፅ የሚዘምር ሰው ነው። «ቅዱስ፣ ቅዱስ ሲል ሳያፏጭ የዘመረው ባለፈው እሁድ ብቻ ነው» አለች።

«እኔም ሥጋ በልቼ ነበር» አለ ክሊፍ ፓዩን እያየ።

ሁለቱም ሞሪንን ተመለከቱ። እህቴ ሻይዋን ፉት አለች።

«አሁንማ የምታውቀው ሰው ሆኗል» አለች።

ሌላ ሙቅ ውሃ ታዘዘ።

የተለዋወጡት ጥርስ ተስማማቸው፤ ጨዋታው ግን ተበላሸ። ዳግመኛ እኛ ሜዳ ላይ ሲጋጠሙ ክሊፍ ስታንን ወገቡን ይዞ ከጣለው በኋላ ይቅርታ ሲለው ሜዳው ሁሉ ሰማ። ስታን ደግሞ ክሊፍን መሬት ላይ ሲያስተኛው ቀስ አድርጎ ነው፤ ከላዩ ሲነሳም ጭቃውን ያራግፍለታል። አሠልጣኛችን ምን ሆነህ ነው ሲለው፣ ክሊፍ «ስታን እንግዳ ነው እኮ» ብሎ መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ተጠባባቂ አደረጉት፤ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱም ከዳው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ የ«ቁም» ምልክት ይዞ ልጆች ያሻግራል። ሥራው ከራግቢ ይሻላል ይለኛል። እስካሁን የተጋጨው ከአንድ የወተት መኪና ጋር ብቻ ነው፤ መኪናውንም ባለቤቱ ወስዶ የተጣመመውን አቃንቶታል።