ከራዲዮ የመጣ መርዶ

ነገሩ የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን እጫወት በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ሰው ሲያጨበጭብ በሰማሁ ቁጥር ግን ያው ነገር ይመጣብኛል። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

የተወለድኩት ቆቦ ነው። እናቴ በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ከሮቢትም ከጎብዬም ሰው ሲሞት መጥተው ይጠሯታል። ለሰው የምታወርደው ሙሾ ሁሉም በሚያውቀው ዜማ ነው። ታናሽ ወንድሜን አያሌውን ንዳድ ሲገድለው ግን እኔም ሌላውም ሰምተነው የማናውቀውን ዜማ ከሆዷ አወጣች። ዝቅ ብሎ ይጀምርና ስሙ ላይ ሲደርስ ሽቅብ ወጥቶ ይሰበራል። «ይሄ የልጆቼ ነው፤ ለባዕድ አላወርደውም» አለች። እንዳለችውም ለሌላ ለማንም አላወረደችውም።

በዚያ ልቅሶ ላይ ኮትና ክራባት ያደረገ እንግዳ ሰው አጥሩ ጥግ ቆሞ አየሁ። እግሩ ሥር ሳጥን የመሰለ ነገር አስቀምጧል። በእኛ አገር ለልቅሶ የመጣን ሰው ምን ልታደርግ መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አያሌውን የሚያውቅ የመንግሥት ሰው መስሎን ወንበር ሰጠነው፤ ንፍሮም አቀረብንለት። ዘግኖ በላ።

ጊዜ አለፈና አንድ ቀን አዲስ አበባ ኦርኬስትራችን ውስጥ ሳለሁ ውጭ አገር የተማረ የሙዚቃ ደራሲ አዲስ ድርሰት ሊያጫውተን ነው ተባለ። ሰውየው ሲገባ አወቅኩት፤ ንፍሯችንን የበላው ነው። ድርሰቱ ስለ ተራራ እንደሆነ አስረዳን። አውሮፓ ሳለ ተራራ ላይ ብቻውን ስለሚኖር ሰው የተጻፈ ልብ ወለድ አንብቦ ኖሯል። በኋላ በራያ ሜዳ ሲያልፍ የዞብልን ተራራ ቢያየው መጽሐፉ ትዝ አለውና ሁለቱን አዋሕዶ ደረሰ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ያገሬ ተራራ በቫዮሊን ሊነገርለት ነው ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠው ጓደኛዬ ጉራዬን ነዛሁበት።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ እጄ ቆመ። የአያሌው ሙሾ ነው። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ላይ ሽቅብ ወጥቶ መሰበሩ እንኳ አልቀረም። ያ ሳጥን ድምፅ መቅጃ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። በኖታው ራስጌ ላይ «የተራራው ነፋስ» የሚል ተጽፎበታል።

ልምምዱ ሲያልቅ ጠጋ አልኩና ይሄ የእናቴ ዜማ ነው፣ ወንድሜ የተለቀሰበት ነው አልኩት። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ቫዮሊን ብቻውን የሚወጣበትን ክፍል አንተ ተጫወተው፤ ያንተን ያህል የሚሰማው የለም» አለኝ።

አለቃችንም ትእዛዝ ነው አለ። እምቢ ብል ከሥራ መባረሬ ነው። ተጫወትኩት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዜማ የሰማ ደረቱን ይመታል። እነሱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ።

ሙዚቃው ተቀድቶ በራዲዮ እንደሚተላለፍ የነገረን የለም። እናቴ በገበያ ቀን ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ በርበሬ ዘርግታ ትሸጣለች። አንድ ቀን ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ያ ዜማ ወጣ። ራዲዮው ከአዲስ አበባ ነው የሚያወራው፤ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ የቀረሁላት አንድ ልጇ እኔ ነኝ። ይህ ዜማ ልጇ ካልሞተ አይሰማም። ከዚህ ወዲያ ምን ታስብ? እዚያው መሬት ላይ ተደፋች።

መርዶ በእኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። እናቴ ግን በቀትር ፀሐይ፣ በገበያ መሀል፣ ደጋፊ ሳይኖራት ተረዳች።

እኔ ጋ ወሬው የደረሰው በቴሌግራም ነው። አብሬው ለምኖረው ለአጎቴ ተልኮ «የደሳለኝ ሬሳ መቼ ይነሣል» ይላል፤ ደሳለኝ እኔ ነኝ። አጎቴ ሲያነብልኝ ቁርስ እየበላሁ ነበር። መጀመሪያ ሳቅን። ወዲያው አለሁ፣ ደህና ነኝ ብዬ መለስኩ። ማን ይመነኝ! በዚያ ጊዜ ሰው ሲሞት ታሟል፣ ተሽሎታል እየተባለ ነው ቴሌግራም የሚላከው። ሽማግሌዎቹ «አለሁ» የሚለውን ሲያዩ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቹ እናቲቱን አባብሉልን ማለታቸው ነው ብለው ሞቴን አጸኑት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዳስ ተጣለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ።

አማራጭ ስላልነበረኝ በአውቶቡስ ሄድኩ። ጎብዬ ላይ ስንቆም የሚያውቀኝ አንድ ነጋዴ በመስኮት አየኝና አማተበ። ቆቦ ስደርስ ዳሱ ውስጥ ልብሶቼና ፎቶግራፌ ተዘርግተዋል። እናቴ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷ ተቧጥጦ ቆስሏል። ሴቶቹ ሲያዩኝ ጮኸው ተበተኑ። እሷ ግን ቀርባ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችኝ።

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ማንም አልሞተም፤ አንድ ሰው ስለ ተራራ የደረሰው ሙዚቃ ነው፤ የተጫወትኩትም እኔ ነኝ አልኳት።

«ማንም ሳይሞት?» አለች።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለሰውየው ሁሉንም ነገርኩት፤ መላጨቷን፣ ዳሱን፣ የቆሰለ ፊቷን። በደስታ ጠረጴዛውን መታ። ፊደል ያልቆጠረች ባላገር ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መሀል ለይታ ካወቀችው ሥራዬ ተሳክቷል ማለት ነው አለኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ ይወጣ እንደሆነ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲጋራ ጋበዘኝ።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ሙሾ አላወረደችም። በሕይወት ላለ ልጇ ማልቀሷን ሟርት ነው ያሉም ነበሩ። ሊጠሯት ሲመጡ «እኔ በውሸት ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ፈልጉ» ትላቸዋለች። ልቅሶ ቤት ጥግ ይዛ ተቀምጣ እንደማንኛዋም ሴት ዝም ትላለች።

እሷ ራሷ ስትሞት አክስቴ ያንን ዜማ አነሣችው፤ እናቴን በገዛ ዜማዋ ልትሸኛት ፈልጋ። ከሮቢት የመጣች አንዲት ለቀስተኛ ቀስ ብላ ትከሻዋን ያዘቻት። ክፋት አልነበረባትም።

«እቴ፣ ነውር አይደለም እንዴ፤ ይሄ እኮ የራዲዮ ዘፈን ነው» አለቻት።

አክስቴ አፍራ ዜማውን አቋረጠች። ሬሳው እየተነሣ ነበርና እኔም ዜማው የማን እንደሆነ ላስረዳ አልቻልኩም። እናቴ ሁሉም በሚያውቀው ዜማ ተለቅሶላት ተቀበረች። ያንን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ልልም አልፈልግም።