«ሠሪው አይታወቅም» ያለን ኮምፒውተር

ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ኮምፒውተርን ግን ልኩን አስገብቼዋለሁ።

የልጅ ልጄ ሕይወት፣ አቦከር ሰፈር ካለው ቤታችን ሳትወጣ ሁለት ዓመት ለፍታ፣ ጅብ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሰው የሚያሳድድበት ጌም ሠራች። ለሽያጭ ባወጣችው ቀን የገዢዎቹ አንቲቫይረስ «ቫይረስ ነው» እያለ ያጠፋው ጀመር። ልጅቷ አለቀሰች።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አልኳት።

«ምንም እማማ! ሠሪው አይታወቅም ነው የሚለው።»

«ማን? አንቺ?» ደሜ ፈላ። «የእኛን ቤት የማያውቅ ከየት የመጣ ነው?»

እንዲመረምሩላት ለአንቲቫይረሱ ድርጅት ደብዳቤ እየጻፈች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ከአባቷ ጀምሬ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት።

«ኧረ እማማ ይተዉኝ፣ ፈረንጆቹ ይስቁብኛል!»

«ይሳቁ! አንዱንም እንዳትዘይ!»

እየሳቀች ሰባቱንም ጻፈች።

በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ሕይወት እየጮኸች አነበበችልኝ። «ጌሙ ንጹሕ ነው፣ ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ» ይላል። ከሥሩ መርማሪው የራሱን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን ጽፎ እንዲህ ብሏል፦ «ከዚህ በላይ አላውቅም። ዛሬ ማታ ለእናቴ ደውዬ እጠይቃለሁ።»