«ሙሉ ነው» ብዬ የፈረምኩበት ቆጠራ

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት፣ ሀዋሳ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። ያኔ አብዛኞቻችን አዋሳ ነበር የምንላት። በመጀመሪያው ቀን ዋና ሒሳብ ሹሙ አንድ የሚንቀጫቀጭ የመደመሪያ ማሽንና አንድ ጥራዝ ሞዴል 22 አስረከቡኝ። «ይህ የዕቃ ወጪ ደረሰኝ ነው። ያለ እሱ ከግምጃ ቤት አንዲት ሚስማር አትወጣም» አሉኝ። አመንኳቸው። ሳምንት ሳይሞላኝ ሚስማሩም ሲሚንቶውም ያለ እሱ ሲወጣ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃ ዕቃ ቸኩሎ ሲፈልግ በብጣሽ ወረቀት «ይሰጥ፤ ሞዴሉ በኋላ ይሠራል» ብሎ ጽፎ ይፈርማል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዕቃውን ይሰጥና ብጣሹን በሽቦ ላይ ይሰካዋል። ሞዴል 22 ሲሠራ ብጣሹ ይቀደዳል። አንዳንዱ በሳምንቱ ይቀደዳል፣ አንዳንዱ ቢጫ እስኪሆን ሽቦው ላይ ይከርማል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኔም ለመድኩት።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሀሜሶ ነበሩ። ከከተማው አጠገብ ያለችው የቡሹሎ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አማርኛን ቃል እየመረጡ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ከመደርደሪያው ላይ የሚያንጠለጥሉት የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ ስርዝ ድልዝ አያውቅም። «ጋሽ ሀሜሶ፣ የእርስዎ ካርድ ከእኔ ዲፕሎማ ይበልጥ ያምራል» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ታጠቢና ንኪው» ይሉኛል። በፍቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ማግስት ከቤታቸው በቅቤ የራሰ ቆጮ በሣህን ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። እኔ ደግሞ እዚህ ከተማ ዘመድ ስላልነበረኝ እንደ አባት ነበር የማያቸው።

በሦስተኛው ዓመቴ ሰኔ ሠላሳ ላይ የዓመቱ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። ሰብሳቢው ከአስተዳደር ነው፣ ሌላው አባል ከስምሪት ክፍል። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስንበላ ዋልንና ቆርቆሮ ላይ ደረስን። ካርዱ ሦስት መቶ አሥር ይላል። ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ ያለው መቶ ዘጠና ነው። ጋሽ ሀሜሶ ሽቦውን አምጥተው ሰጡኝ። ስድስት ብጣሾች አሉበት፤ ሁሉም የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያለባቸው፣ የግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ቀኖች። ደመርኳቸው። ልክ መቶ ሃያ መጡ።

ሰብሳቢያችን እጁን ማስገባት አልፈለገም። «አንቺ ጸሐፊ ነሽ፣ ሄደሽ ጠይቂያቸው» ብሎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ላከኝ።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ቁጭ በዪ አስናቀች» አሉኝ። «ጎደለ ብለሽ ከጻፍሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ይመስልሻል? እኔ ነኝ? ሽማግሌው ናቸው። ብጣሽ ወረቀት ሰነድ አይደለም። ሙሉ ነው ብላችሁ ዝጉት፣ ሞዴሉን በሐምሌ እፈርማለሁ።»

ያኔ ግምገማ የሚባል ነገር ነበር። ከእሳቸው ጋር የተጋጨ ሰው በግምገማ ተነሥቶ ሩቅ ወረዳ ሲላክ አይቻለሁ። ስለዚህ ለጋሽ ሀሜሶ አዝኜ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነበር።

ተመልሼ ለጋሽ ሀሜሶ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም ልጄ። የሌለውን የለም በዪ። ወረቀቶቹን ከሥሩ አያይዢ።»

«ጋሽ ሀሜሶ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አልኳቸው። «ጎደለ ብዬ ከጻፍኩ በእርስዎ ነው የሚመጣው። ሐምሌ ላይ ይስተካከላል።»

«እሺ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉ። ሦስታችን «ሦስት መቶ አሥር፣ ሙሉ» በሚለው ሥር ፈረምን። እሳቸውም ከሥራችን ፈረሙ።

ሐምሌ ሄደ፣ ሞዴሉ አልተፈረመም። ሥራ አስኪያጁን ሁለት ጊዜ አስታወስኳቸው፤ «እንዴ፣ አልረሳሁትም እኮ» አሉኝ። ነሐሴ ላይ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሲረከቡ ኦዲተር አስጠሩ።

ኦዲተሩ ልጅ እግር፣ ጨዋ ሰው ነበር። መቶ ሃያ ቆርቆሮ ጎደለ። ጋሽ ሀሜሶ ሽቦውን አቀረቡ። ኦዲተሩ ብጣሾቹን አንድ በአንድ አየና እኔ ያዘጋጀሁትን የቆጠራ ወረቀት ከጎናቸው ዘረጋ። «አባቴ፣ እነዚህ ከሰኔ ሠላሳ በፊት የተጻፉ ናቸው» አላቸው። «በሰኔ ሠላሳ ተቆጥሮ ሙሉ ነው ተብሏል። እርስዎም ፈርመዋል። ስለዚህ እነዚህ ወረቀቶች የሚያሳዩት ዕቃ ተመልሷል ማለት ነው። የጎደለው ከዚያ በኋላ የወጣ ነው።»

ጎደለ ብለን ጽፈን ብጣሾቹን ብናያይዝ ኖሮ ጥያቄው ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሄድ ነበር። የሽማግሌውን ብቸኛ ማስረጃ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ፣ በሚያምር ጽሕፈት። የሒሳብ ሰው ሆኜ ይህን አስቀድሜ አለማየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ደረሰና መርማሪው ጠራኝ። «ቆጥረሻል?» አለኝ። የአራት ወር ሕፃን ነበረችኝ፤ ባለቤቴ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል። በሐሰት ሰነድ የፈረመ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። «ፊርማው የእኔ ነው» አልኩ። «ቆጥረሻል ወይ ነው ያልኩሽ።» «ቆጥሬያለሁ» አልኩ። እሱማ እውነት ነበር፤ ቆጥሬያለሁ። ያገኘሁትን ግን አልተናገርኩም። ሁለቱም ባልደረቦቼ እንደዚያው አሉ።

ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ስቀርብ ጋሽ ሀሜሶ አጠገቤ ነበሩ፣ እጄን ብዘረጋ በምነካቸው ርቀት። ያንኑ ቃሌን ሰጠሁ። ዳኛው «የምትጠይቃት ጥያቄ አለህ?» አሏቸው። ሽማግሌውን አንተ ሲሏቸው ሰማሁ። አየት አድርገውኝ «የለኝም» አሉ። በእምነት ማጉደል ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። ዋሳቸው የነበረው ወንድማቸው የቆርቆሮውን ዋጋ ለመክፈል ሁለት ላሞቹንና የባሕር ዛፉን ሸጠ። አንድ ቀን እንኳ እስር ቤት ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። ምን ፊት ይዤ ልሂድ።

ሲፈቱ የአገልግሎት ማስረጃ ሊያጽፉ መሥሪያ ቤት መጡ። እኔ ያኔ ዋና ሒሳብ ሹም ሆኛለሁ። ከዕዳ ነጻ መሆናቸውን ፈርሜ የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ፈረምኩላቸው። በሩን ዘጋሁና ለዓመታት የከበደኝን ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ሀሜሶ፣ ያን ቀን ለዳኛው እሷ ናት ሙሉ ነው እንበል ያለችኝ ብለው ለምን አልተናገሩም?»

ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ» አሉኝ።

ደህና ዋይ ብለው ወጡ። በዚያው ሳምንት የሆነውን ሁሉ ጽፌ ያኔ ለነበሩት ሥራ አስኪያጅ አስገባሁ። የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣሁ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ፍርዱን ግን የሚያነሣ አልተገኘም። ይግባኝ ለመጠየቅ ጠበቃ አነጋግሬ ቡሹሎ ስሄድ ቤታቸው ደጅ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። የጋሽ ሀሜሶ ለቅሶ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ልጆቻቸው የመሥሪያ ቤት ባልደረባ መሆኔን ሰምተው ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ሰጡኝ። እዚያም አልተናገርኩም።

በቆጠራ ወረቀት ላይ የሚጻፈው በዕለቱ የተገኘው ቁጥር ብቻ ነው። ለሰው ካዘናችሁ ቁጥሩን አትንኩ፤ እውነተኛውን ጻፉና ስትጠየቁ አብራችሁት ቁሙ። እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም።