ሳንባ ብረት አይደለም

በነፃ የንግድ ቀጠናው አጠገብ ተሳቢ መኪና መበየድ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያስተማረኝ የለም፤ እያየሁና እየተቃጠልኩ ተማርኩት። ስለዚህ በሙቀት ጉዳይ የሰው ምክር አልቀበልም ነበር። ብረት አንዱ ጫፍ ሲግል ሌላውን ጫፍ የያዘ እጅ ይቃጠላል። እኔ የማውቀው ይህን ነው።

በልጄ ሳንባ ላይ የካንሰር ዕጢ ሲገኝ፣ በየሦስት ወሩ ከውጭ የሚመጣ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ፈረንሳይኛውን የምታስተረጉምልኝ ራሷ ታማሚዋ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

"ቀጭን መርፌ በጎድኔ መሀል አስገብቶ ዕጢውን በሙቀት ይገድለዋል" አለችኝ።

"ሳንባሽስ?"

ሐኪሙን ጠየቀችው። "ሳንባ አየር የሞላው ስለሆነ ሙቀት በቀላሉ አያልፍበትም ይላል። ሙቀቱ ዕጢው ላይ ይቀራል። ዳር ዳሩን ትንሽ ቢነካው የተረፈው ሳንባ ይችለዋል። የሚሆነው ግን ዕጢው ትንሽ ሳለ ነው።"

"እኔ ነዳጅ ጋን አጠገብ ስበይድ እርጥብ ጨርቅ የማለብሰው ለጌጥ ነው? በይው!"

"አባዬ ደግሞ፣ እኔ የመኪና ሻንሲ ነኝ እንዴ? ሳንባ እኮ ብረት አይደለም።"

ሳቀች። ሐኪሙም ነገሩ ሳይገባው አብሯት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለሚቀጥለው ዙር ይደር አልኩ። በቤታችን አባት ካልፈቀደ አይሆንም፤ ልጆቼን እንዲህ በማሳደጌ እኮራ ነበር። እሷም እሺ አለች።

ንግግሯ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ አንድ ጠዋት፣ ለቁርስ የገዛሁት ረጅሙ ዳቦ ውስጥ የጋለ ሽቦ ሰካሁ። ሽቦው የነካው ጠቆረ። ከዚያ ሁለት ጣት ራቅ ብዬ ስዳስሰው ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ ነው። በዳቦው ቀዳዳዎች ያለው አየር ሙቀቱን አላሳለፈውም።

ሥራዬን ጥዬ ዳቦውን እንደያዝኩ ጋቦዴ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሄድኩ።

"ትታከሚያለሽ" አልኳት።

"እኔን እንቢ ብለህ ዳቦ አሳመነህ?" አለችኝ፣ እያሳላት።

ሐኪሙ ሲመጣ አዲሱን የሳንባ ፎቶ ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ዕጢውን ለካ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። የእኔ ፈረንሳይኛ ትንሽ ናት፤ "ረፍዷል" የሚለውን ግን ከሹፌሮች ጋር ቢሮ ለቢሮ ስዞር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ለጊዜው በመድኃኒት እንሞክር፣ መርፌው ሌላ ጊዜ ይደርሳል አለ።"

እንዳትዋሽ በቀበቶ ገርፌ ያሳደግኋት ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየች ዋሸችኝ። እንዳልገባኝ ሆኜ "እሺ" አልኩ።

እስክታርፍ ድረስ ሁለታችንም ያንን ነገር አላነሳነውም። ራስን ማስተማር መልካም ነው፤ አንድ ነገር ስላወቁ ብቻ በማያውቁት መፍረድ ግን ኃጢአት ነው። ይህን ዛሬ ላገኘሁት አባት ሁሉ እናገራለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም።