ጥሩብርሃን ያየችው ጆሮ

ጥሩብርሃን እንደ እኔው ቅጠል ተሸካሚ ነበረች። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። ሌሊቱ ሲነጋ ከቀራንዮ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቅጠል ጠርገን፣ አስረን፣ ኮልፌ ገበያ እናወርዳለን። ባልም ልጅም አልነበራትም። የምትኖረው አማቴ እማማ ወለተጻድቅ ባከራዩዋት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ እኛው ግቢ ውስጥ ነው።

ሸክም ያጎብጣል። እኛ ስንጎብጥ የምናየው እግራችንን ነው፤ እሷ ግን መሬት ላይ ያረፈውን ፀሐይ ሁሉ ታያለች። የታኅሣሥ ውርጭ ገለባው ላይ አድሮ ጀንበር ስትነካው፣ «ቁሚማ፣ እዪው፣ ስኳር የነሰነሱበት መስሏል» ትላለች። አጥር ላይ የሸረሪት ድር በጤዛ ሲያበራ፣ የቤቶቹ ጭስ በዛፉ መሐል በጨረር ሲሰነጠቅ፣ አንዱም አያመልጣትም።

«ፀሐይ ይበላል እንዴ? ይልቅ ተራመጂ» እላታለሁ።

«አይበላም። ግን ማንም አይከለክለኝም» ትላለች እየሳቀች።

አንድ ጠዋት ሸጠን ስንመለስ ልጄ አምሐ ጀርባዬ ላይ ነው፤ ዓመት አልሞላውም። ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች። ጥሩብርሃን ከፊት ከፊቴ ስትሄድ ዞር አለችና ድርቅ ብላ ቀረች።

«ውይ ጆሮው! ብርሃኑ አልፎበት ፍም መስሏል። ደም ሥሩ ሁሉ ይታያል። ሲያምር።»

እንትፍ አላለችም። ማርያም ትጠብቀው አላለችም። የሰው ልጅ ሲያደንቁ እንትፍ ማለትን ማን ያጣዋል? እሷም ታውቃለች፣ ብርሃኑ ወስዷት ረሳችው። እኔም እንትፍ በይበት ማለት አፈርኩ።

ያን ዕለት ማታ ልጁን አተኮሰው። ሳሉ እንኳ ከጀመረው ሰንብቷል። በማግሥቱ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ድሬሰሩ አቶ አሰፋ ጆሮውን ልጁ ደረት ላይ ለጥፎ፣ «ሳንባ ምች ነው፣ ብርድ ነው የመታው» አለና መርፌ ወጋው፤ ሁለት ቀን ደግሞ አመላልሺው አለኝ። አመላለስኩት። ትኩሳቱ ግን እንዳለ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማማ ወለተጻድቅ፣ «ማን አየብሽ?» አሉኝ።

«ጥሩብርሃን ጆሮውን አይታ አምሯል ብላለች።»

«እንትፍ አለች?»

«አላለችም።»

«በላችዋ።»

አመሻሹ ላይ ጥሩብርሃን ከግቢው በር ስትገባ ሁለት ጎረቤቶች እጇን ጠመዘዙ። ልጁን ታቅፌ አቀረብኩላት። «ትፊበት!» አሏት። አፏን ከፈተች፤ ከድንጋጤው የተነሣ ምራቋ ደርቆ ጠብ አላለም።

«አያችሁ፣ ቡዳ ምራቁን ይሰስታል» አሉ እማማ።

«ንገሪያቸው እንጂ» አለችኝ። «ብርሃኑን አይደል ያየሁት? አብረን አልነበርን?»

የነጠላዋን ጥለት በምላጭ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ፍም ላይ ጣሉትና ልጁን አጠኑት፤ እስኪጠቁር ድረስ ሳለ። ጥሩብርሃን ደጅ ላይ ተይዛ ሳሉን ትሰማ ነበር።

በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቀው። ድሬሰሩ፣ «መድኃኒቱ ሠራ፣ እንደዚህ ነው፣ በሦስተኛው መርፌ ይለቃል» አለኝ። ለግቢው ስነግራቸው «ጭሱ ነው ያስለቀቀው» ብለው ሳቁብኝ። ልጄ ቢሞት እግዜር ወሰደው ይባል ነበር፤ መዳኑ ነው እሷን ያጠፋት። ያኔውኑ ዕቃዋን ወደ መንገዱ አወጡት፤ ዕቃ ከተባለ አንድ ድስትና አንድ ቁርበት። ገበያም እናቶች ልጆቻቸውን እየሸፈኑ ሸሿት፤ ቅጠሏን የሚገዛት ጠፋ። ወደ አስኮ መንገድ ሄደች ሲባል ሰማሁ።

ከዓመት በኋላ አስኮ መንገድ ላይ አገኘኋት። አምሐ እጄን ይዞ ይሄዳል። እሷ ከነሸክሟ ናት፤ ከሩቅ ስታየን ወደ አንድ ሰው አጥር ተጠጋችና ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዞረች።

«እለፉ፣ አላየሁትም» አለች።

ድሬሰሩ ያለኝን እያወቅሁ፣ የልጄን ፊት በነጠላዬ ሸፈንኩና አለፍኩ።