በጉን እኔ አመጣለሁ

ከጨፋ ሸለቆ የማሽላ ተባይ ስንቃኝ ሰንብተን ወደ ከሚሴ እየተመለስን ነበር። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስላልነበረ ከተማው ጋ ስንደርስ ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ላይ ያላነበብኩት መልእክት ተቆልሏል። ይህን ሁሉ ማን ያነባል ብዬ ታች ያለችውን ቀስት ስነካት የመጨረሻው መልእክት ላይ ጣለችኝ።

«አራሷን ስንጠይቅ በጉን ማን ያመጣል?» ይላል።

ደስ አለኝና፣ «እኔ አመጣለሁ። ግን ማን ወልዶ ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው የሥራ ባልደረባዬ ዘይነባ ደወለች። ሳቋ አላናግር ብሏታል።

«ሰይድ፣ ወደ ላይ አላነበብክም እንዴ?»

«አላነበብኩም። ምነው?»

«አብሽር፣ በጉን ወደ ቤትህ ይዘኸው ግባ። ሚስትህ ዛሬ ጠዋት ሴት ልጅ ተገላግላለች።»

«ሐኪሙ ገና ወር ይቀራታል ብሎን ነበር እኮ» አልኳት።

«ልጅቷ አልሰማችማ» አለችኝ።