እህቴና የማግኔቱ ክፍል

ታላቅ እህቴ ሥራዋን ስትጠየቅ «ውሃ ከፕሮቲን ጋር ሲለዋወጥ እለካለሁ» ትላለች፤ ጠያቂው ፈገግ ብሎ ወሬ ይቀይራል። እኔ ግን አብሬያት ስለምኖር እራት በቀረበ ቁጥር ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ። ፕሮቲኑን ከባድ ውሃ በሚባለው፣ ሃይድሮጅኑ ከተራው በሚከብድ ውሃ ታሟሟውና በቀጭን የመስታወት ቱቦ ትከተዋለች፤ ቱቦውን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማግኔት ይውጠዋል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ የፕሮቲኑ አንድ ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅኑ ማሽኑ ከማያየው ከውሃው ከባድ ሃይድሮጅን ጋር ቦታ ሲለዋወጥ ነጠብጣቡ ይደበዝዛል። ከፕሮቲኑ ዳር ያለው ወዲያው ይጠፋል፣ መሐል የተሸሸገው ይቆያል። እሷ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ይህን ስታይ ትውላለች። ስደውልላት ከእንቅልፏ የነቃች ይመስል «እ?» ትላለች። ሰው እንዴት በነጠብጣብ ይፈዛል!

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ የልቧ ምት እየዘገየ ስለሆነ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ደረቷ ውስጥ ይግባ አለ። መሣሪያው ከገባ በኋላ ግን ማግኔቱ ስለሚያዛባው አጠገቡ መድረስ የለም።

«አንዲት ነጠብጣብ ቀርታኛለች፤ እሷ ስትጠፋ ሆስፒታል እገባለሁ» አለች።

ሳምንታት አለፉ። ከንፈሯ ገረጣ። «ጠፋች?» ስላት «ገና» ትለኛለች። ደሜ ፈላና ሥራ ቦታዋ ሄድኩ። አለቃዋ ስክሪኑን አሳዩኝ።

«ይቺ እኮ ውሃ አይደርስባትም» አሉ። «በእኛ ዕድሜ አትጠፋም። እህትሽም ታውቃለች።»

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። «እትዬ፣ አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው» አለች ግድግዳውን ተደግፋ። «ሌላ ምን ሰበብ ነበረኝ? እዚያ ክፍል ስቀመጥ ዓለም ሁሉ ጸጥ ይልልኛል።»

«እኔስ? እኔ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

 ነጭ ጋዋኗን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

መሣሪያው ገባላት። ፊቷ ወዛ፣ ደረጃውንም ቀድማኝ መውጣት ጀመረች። አሁን ሌላ ክፍል ሆና ሌሎች የለኩትን ትተነትናለች። እኔም እፎይ አልኩ።

አንድ ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ ከማግኔቱ ክፍል በር ራቅ ብላ ቆማለች።

«እስቲ ግቢና አዳምጪልኝ» አለች።

ገባሁ። የማግኔቱ ማቀዝቀዣ ቀስ እያለ እንደተኛ ሰው ይተነፍሳል። ሌላ ድምፅ የለም። የመንገዱ ጫጫታ፣ የቤቱ ጣጣ፣ ንዴቴም ሳይቀር ከላዬ ላይ ወረደ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ መውጣት አስጠላኝ።

ስወጣ «ምን ይላል?» አለችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።